«የሳምንቱ ተፈላጊዎች» ምን አጥፍተው ነው?

ሰላም፣ ቃል ወዳጆች። የዚህን ሳምንት ጥያቄ ያመጡልኝ ጣና ዳር ቡና የሚያፈሉ አንድ እማማ ናቸው።

ረቡዕ ከሰዓት ነው። ረከቦቱ ፊት ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። ዓይኔ የገባውን ርዕስ እንደዋዛ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «በሳምንቱ በብዛት የተፈለጉ ሰዎች»። እማማ ጀበናውን አስቀመጡና «ምን አጥፍተው ነው?» አሉኝ።

ሳቅ አመለጠኝ። «አይ እማማ፣ ሰው ስማቸውን ስልኩ ላይ እየጻፈ ስለእነሱ ያነበበው ነው» ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ።

«እኮ፣ ለምን? ምን አርገው?»

መልስ አጣሁ። ልክ ናቸዋ! «ተፈላጊ» ሲባል የሚታየን አንድም ፖሊስ የሚያድነው ሰው ነው፣ አንድም ገበያ የሚሻማበት ዕቃ። በጾም ቀረሶ ዓሣ ተፈላጊ ነው እንላለን። ስልኩን ነክቶ የአንድን ዘፋኝ ዕድሜ ያጣራ ሰው ግን ዘፋኙን አልፈለገውም። የፈለገው ዕድሜውን ማወቅ ነው። «ፈለገ» የሚለው ቃላችን ደግሞ መሻትንም፣ የጠፋ ነገር ማሰስንም በአንድ አፍ ይናገራል። «ትናንት ስፈልግሽ ነበር» የተባለች ልጅ የትኛውን ትስማ? (እዚህ ላይ የግል ልምድ አለኝ። አላወራውም።)

ጥያቄዬ ይኸው፦ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ በይነመረብ ላይ አብዝተው ያሰሱትን ነገር በአማርኛ ምን እንበለው? በመጨረሻ «ትሬንድ» ላይ ብንወድቅም አልቀየምም። ግን ሳንሞክር አንውደቅ።

ደንገል፦
እኔ ደግሞ ነገሩን ላወሳስበው። በግእዝ «ፈለግ» ወንዝ ነው። ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ «ፈለገ» ይሆናል። «ፈለገ ግዮን» ማለት የግዮን ወንዝ፣ ዓባያችን ማለት ነው። እዚሁ ከተማችን ባሕር ዳር ያለው ሆስፒታል ስሙ «ፈለገ ሕይወት» ነው፤ የሕይወት ወንዝ። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ «ሕይወትን ፈለገ» ማለት ይመስለኝ ነበር። ታሞ የሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?

አማርኛው ደግሞ «ፈለግ»ን ለዱካ ሰጥቶታል። «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» እንላለን። ወንዝም ዱካም የሚከተሉት ነገር ነው። መፈለግ ማለት ከመነሻው ዱካ መከተል ነው ባይ ነኝ። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ጠያቂው፦
አልከራከርህም። ደስ ብሎኛል። ከእማማ ግን አላስመለጥከኝም።

የዘጌ ቡና፦
እኛ ጋ ልጆቹ «ጎልጉለው» ነው የሚሉት። ጉግልን ወደ አማርኛ መመለሳቸው መሆኑ ነው። ቀልድ ይመስላል። ገበሬ ያሳደገው ሰው ግን ቃሉን ያውቀዋል። መጎልጎል ከታረሰ መሬት ላይ ሥሩንና ሣሩን በእጅ እየነቀሉ ማውጣት ነው። ሥራው ጉልጓሎ ይባላል። እምቦጭ ለመንቀል ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ የዋለ ሰው የቃሉን ክብደት በወገቡ ያውቀዋል።

ስልክ ላይ መረጃ መፈለግም እንዲያው ነው። አንዲት ፍሬ ነገር ለማግኘት አንድ ሸክም ሣር ትነቅላለህ። እንግሊዝኛው እንኳ የኩባንያውን ስም ግስ አድርጎ ትልልቆቹ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያስገባው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ቃል ግን ከእርሻ ጋር የኖረ ነው። ከማን እናንሳለን?

ቀዛፊው፦
«በይነመረብ» በሉ እንጂ። መረቡ የእኛ የአሣ አጥማጆቹ ነው። ማታ ትጥለዋለህ፣ ጠዋት አምባዛ ብለህ ትስበዋለህ፣ የሚወጣው አረም። እንዲያው ስሙን ያወጣው ሰው ጣና ላይ ሳያድር አይቀርም።

ጠያቂው፦
«ጎልጉለው»ን ወድጄዋለሁ። ግን እሱ የድርጊቱ ስም ነው። የእኔ ጥያቄ የተጎለጎለው ነገር ነው። «የሳምንቱ ጉልጉል» ካልን ደግሞ እማማ ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። የኔታ፣ እርስዎ ለምን ዝም አሉ? (ለአዲስ ገቢዎች፦ «የኔታ» ያልናቸው እኛ ነን። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ።)

የኔታ፦
ወንዝ ለወንዝ ስትዞሩ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ቃሉ ቤታችሁ ተቀምጧል። ሰሞነኛ ነው።

ደብር ውስጥ ካህናቱና ዲያቆናቱ በሳምንት ተራ ያገለግላሉ። ተራው የደረሰው ሰሞነኛ ይባላል። በዚያ ሳምንት ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው፤ ቢያረፍድም የሚጠየቀው እሱ ነው። ሳምንቱ ሲሞላ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ቤተ ክርስቲያኑ ባሕር ዳር መሐል ይሁን ደሴት ላይ፣ ነገሩ ያው ነው።

ቃሉን ብትፈቱት «ሰሞን» የመጣው ከግእዙ «ሰሙን» ነው። ሰሙን ማለት ሳምንት ነው። ሰሙነ ሕማማትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘሩ ግን ከስምንት ነው። «ሳምንት»ም ከዚያው ቤት ነው፤ በግእዝ ስምንተኛዪቱ ማለት ነው። «ሳምንት ሰባት ቀን አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ነው። የድሮ ሰው ግን ከእሑድ እስከ እሑድ ሲቆጥር ሁለቱንም እሑድ ይቆጥራቸዋል፤ ስምንት ይመጣል። እናቶቻችን «የዛሬ ስምንት» ሲሉ ልክ በሳምንቱ ማለታቸው ነው። «የዛሬ ዐሥራ አምስት» ካሉ ሁለት ሳምንት ነው። «የዛሬ ዐሥራ አራት» ብሎ የሚቀጥር ሰው ሰምታችኋል?

በኋላ አማርኛው ሰሞንን ለጠጠው። «የፋሲካ ሰሞን»፣ «የሠርጉ ሰሞን»፣ «ሰሞኑን አላየሁህም»። ሳምንት መሆኑን ረስቶ «በዚያ አካባቢ» ሆነ። ሰሞነኛ ግን ተራውን አልረሳም። በሳምንቱ አገር ያሰሰው ነገር ሰሞነኛ ነው። ተራው ደረሰው፣ አገለገለ፣ ወረደ።

ደንገል፦
ፈረንሳይኛም ሳምንትን «ስምንት ቀን»፣ ሁለት ሳምንትን «ዐሥራ አምስት ቀን» ይላል። ብቻችንን አይደለንም ማለት ነው።

የኔታ፦
ብቻችንን ነን አላልኩም።

ሚጡ፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልቃወም። አንደኛ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ «ሰሞነኛ ጉዳይ» እያለ ቃሉን አፍዝዞታል። ይሄስ ይሁን። ትልቁ ነገር ሌላ ነው። የእርስዎ ሰሞነኛ ተራው ቀድሞ የታወቀ ነው። ስልክ ላይ ግን ነገ ማን ብድግ እንደሚል ማን ያውቃል? አንድ ቪዲዮ ይለቀቃል፣ አለቀ።

ደግሞስ ሰሞነኛ ወሬ ማለት ሰው ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ የሚያወራው ነው። ሰው ስልኩን የሚጠይቀው ግን የማያወራውን ጭምር ነው። የሆነ ቦታ እብጠት አይቶ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ የሚያጣራ አለ። የፍቺ ሕግ የምታነብ አለች፣ ባሏ አጠገቧ ተኝቶ። ይሄ ወሬ አይሆንም። ቁጥሩ ውስጥ ግን ይገባል። «መነጋገሪያ» የሚለውንም በዚሁ ምክንያት ጣሉት።

ቀዛፊው፦
ሚጡ፣ እህቴ፣ ዛሬስ ገደልሽን።

ጠያቂው፦
የሚጡ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቅዳሜ ማታ የጉግልን የፍለጋ መለኪያ፣ ትሬንድስ የሚባለውን፣ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 100 ብቻ ነው። 100 ማለት 100 ሰው ማለት አይደለም። በመረጥከው ቦታና ጊዜ ውስጥ ፍለጋው ጣሪያ የነካበት ቀን 100 ይባልና ሌላው ቀን ከእሱ አንጻር ይለካል። ትንሽ ከተማም ጫፏ 100 ነው፣ ትልቅ አገርም ጫፉ 100 ነው። ስንት ሰው እንደሆነ አይነግርህም።

ቀጥሎ ያናደደኝን ልንገራችሁ። መሣሪያው አንድን ቃል የሚቆጥረው እንደተጻፈው ነው። ሆሄው ትንሽ ከተለየ ሌላ ቃል ነው። (በርዕሰ ጉዳይ የሚሰበስብበት ሌላ መንገድ አለው፤ እኔ የማወራው ስለ ቃሉ ነው።) እስቲ የእኛን ጉድ አስቡት። «ባሕር»ን በህ፣ በሕ ወይም በኅ መጻፍ ይቻላል። «ባሕር ዳር» ተለይቶም ተገጥሞም ይጻፋል። 6 መልክ ሆነ፣ አንድ ከተማ! ዓባይን በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ፤ 4። ፀሐይ ደግሞ ጉድ ናት። መነሻዋ ፀ ወይም ጸ፣ መሐሏ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። 12 ፀሐይ።

እምቦጭን ውሰዱ። ይህ አረም ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአፋችን አልወጣም። ግማሹ «እምቦጭ» ይጽፋል፣ ግማሹ «እንቦጭ»። ከ«በ» በፊት የመጣ «ን» አፍ ውስጥ «ም» ስለሚሆን ነው፤ ወንበርና ወምበር፣ እንባና እምባ እንደምንለው። አፍ ያቀላቀለውን መሣሪያው ለያይቶ ይቆጥራል። ስለዚህ በሳምንቱ ብዙ ሰው ያሰሰው ቃል ዝርዝሩ ላይ ላይታይ ይችላል። ተበጣጥሶ ወድቋላ። በላቲን ፊደል የሚጽፈውን ሳልጨምር ነው ይሄ።

የኔታ፦
ሆሄ ዝም ብሎ አልተፈጠረም ስላችሁ ስንት ዘመኔ። በዐይኑ ዐ ሲጻፍ «ዐባይ» ታላቅ ነው። በአልፋው አ ሲጻፍ «አባይ» ዋሾ ነው፤ «አባይ ጠንቋይ» የሚባለው። እናንተ ታላቁን ወንዝ ዋሾ እያላችሁ ታስሱታላችሁ።

የዘጌ ቡና፦
ማደሪያ የሌለው፣ ግንድ ይዞ የሚዞረው በየትኛው ነው፣ የኔታ?

የኔታ፦
በዐይኑ። ቢዞርም አይዋሽም።

ጠያቂው፦
እኔ እዚህ ላይ አቋሜን ልናገርና ልውጣ። ችግሩ «የተፈለጉ» ላይ ነው። ግሱን ሰውየው ላይ ስንጭነው ሰውየው ወንጀለኛ ይመስላል። «ፍለጋ» የሚለውን ስም እንውሰድና ሰውየውን ነፃ እንልቀቀው። «የሰሞኑ ፍለጋዎች»። ሰሞነኛው ፍለጋው እንጂ ሰውየው አይደለም። ሚጡም በዚህ የምትከፋ አይመስለኝም፤ ሌሊት 8 ሰዓት የተነሳው ሰውም ፍለጋ አለው፣ ወሬ ባይሆንም። የተራውን ነገር አልመለስኩላትም፤ እሱን የኔታ ይመልሱላት።

ሚጡ፦
ልውደደው መሰለኝ። ጓደኞቼ ግን ነገም «ትሬንድ ላይ ወጣ» ነው የሚሉት፣ እወቁት።

ጠያቂው፦
ማስታወሻ ልጨምር። ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናዬን ልጠጣ ሄጄ ነበር። «እማማ፣ ያን ቀን ያስቸገረን ቃል ተገኘለት። የሰሞኑ ፍለጋ ይባላል» አልኳቸው። ስኒውን አለቅልቀው እየቀዱልኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እና፣ ተያዙ?»