አዲሱን የኤሌክትሪክ ምጣዳችንን «በጣም ጥሩ ነው» ይሉናል፤ ግን አይጋግሩበትም

ጥያቄ | ባለ ወርክሾፑ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በአንዲት ትንሽ ወርክሾፕ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየሠራን እንሸጣለን። ባለፈው ዓመት ብዙ የደከምንበትን አዲስ ሞዴል አወጣን፤ ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር ቴርሞስታት፣ ምጣዱ ሲግል የሚጠፋ ቀይ መብራት፣ እንጀራው ሲበስል የሚጮኽ ደወልና ሙቀት የማያስወጣ ጥብቅ የብረት ክዳን አለው። በወርክሾፑ በለካነው መሠረት ከቀድሞው ሞዴላችን ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈጃል።

ለጥቂት ደንበኞቻችን ለሙከራ ሰጥተን ከወር በኋላ ስንጠይቃቸው ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉን። ቤታቸው ስንሄድ ግን በአብዛኞቹ ዘንድ የድሮው ምጣድ እንደ ወትሮው ቦታው ላይ ነው፤ የእኛው ጥግ ተይዞለት በጨርቅ ተሸፍኗል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በአዲሱ ምጣድ ሲጋግሩ አጠገባቸው ቆሜ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ቀይ መብራቱ ሲጠፋ ሊጡን አላፈሰሱም። መዳፋቸውን ከምጣዱ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ዘረጉ፤ ከዚያ ማሰሻውን አንስተው ምጣዱን አሰሱና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው «ገና ነው» አሉ። ክዳኑ ከተከደነ በኋላም ደወሉን ሳይጠብቁ ሦስት ጊዜ ከፍተው አዩ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚወጣ፣ ቆጥበናል ያልነው ኤሌክትሪክ ዓይኔ እያየ ባከነ።

«ምርት ለሰው ስሜት መልስ መስጠት አለበት» ሲባል እሰማለሁ። እስካሁን ይህን የቀለምና የቅርጽ ጉዳይ አድርጌ ነበር የማየው። ስሜትን በዲዛይን ውስጥ የምታስገቡት እንዴት ነው? ሰዎች በይሉኝታ እውነቱን በማይነግሩን ጊዜስ እውነቱን በምን እናውቃለን?

መልስ | የምርት ዲዛይን መምህር

ጥያቄዎን በማክበር ጀምሬ፣ እኚያ እናት እንዳልተሳሳቱ በመግለጽ ልቀጥል። የምጣዱ ገጽ ሸክላ ነው፤ ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። የቴርሞስታቱ ጫፍ ከታች ከሬዚስታንሱ ሽቦ አጠገብ ከተቀመጠ፣ መብራቱ የሚናገረው ስለ ሽቦው እንጂ ሊጡ ስለሚፈስበት ገጽ አይደለም። ሽቦው ሲግል ገጹ ገና ሊሆን ይችላል። እኚያ እናት መዳፋቸውን የዘረጉት ከልማድ ብቻ አይመስለኝም፤ የእርስዎ መብራት ያልነገራቸውን መረጃ ፍለጋ ነው። አንድ ዕቃ አንዴ «ግሏል» ብሎ ሳይግል ከተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው ነገር የሚናገረውም አይታመንም፤ ደወሉን ሳይጠብቁ ክዳኑን የከፈቱት ለዚህ ይመስለኛል። መጥፎ ስሜት የሚባለው እዚህ ላይ አለመተማመን ነው፤ መነሻውም የቴክኒክ ስህተት ነው።

ስሜትን ከቀለም ጋር ብቻ ማያያዝ የብዙዎቻችን ችግር ነው። በጃፓን የሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲው ሚትሱኦ ናጋማቺ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ካንሴይ ኢንጂነሪንግ» የተባለ ዘዴ አዳብረዋል። ሐሳቡ ባጭሩ ሰዎች ስለ አንድ ዕቃ የሚሰማቸውን በራሳቸው ቃል ከሰበሰቡ በኋላ፣ እያንዳንዱን ቃል ሊለካ ከሚችል የዕቃው ባሕርይ ጋር፣ ለምሳሌ ከክብደት፣ ከርዝመት፣ ከድምፅ ወይም ከልስላሴ ጋር፣ ማገናኘት ነው። የጃፓኑ መኪና አምራች ማዝዳ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያወጣት ትንሿ ክፍት ስፖርት መኪና በዚህ መንገድ በመታሰቧ ትጠቀሳለች። መሐንዲሶቹ «ጂንባ ኢታይ» የሚል አባባል መመሪያቸው አድርገው ነበር፤ ፈረሰኛውና ፈረሱ አንድ አካል ይሁኑ ማለት ነው። ይህንንም ግጥም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ወደ መቀመጫው አቀማመጥ፣ ወደ ማርሹ ዘንግና ወደ ሞተሩ ድምፅ አወረዱት።

ለእርስዎም እንዲሁ ነው። ደንበኞችዎ «ምጣዱ ይታዘዘኛል»፣ «እምቢ ብሎኛል»፣ «ዓይን አያወጣም» ሲሉ ቃሉን ይጻፉት፤ ከዚያ የትኛው የምጣዱ ባሕርይ ያንን ቃል እንዳናገራቸው ይፈልጉ። «እምቢ ብሎኛል» የሚለው የገጹ ሙቀት ከዳር እስከ መሐል እኩል አለመሆኑ ሊሆን ይችላል።

ይሉኝታን በተመለከተ፣ «እንዴት አገኙት?» የሚለውን ጥያቄ ጨርሶ ይተዉት። በእኛ ባህል ሰው በነፃ የሰጠውን ዕቃ በፊቱ የሚነቅፍ አይገኝም፤ ይህም ጨዋነት እንጂ ውሸት አይደለም። በዚህ ፈንታ «እኔ መጋገር አልችልምና ያስተምሩኝ» ብለው ይሂዱ። የሚያስተምር ሰው ዕቃው የጎደለውን ሁሉ በግድ ይናገራል፤ «እዚህ ጋ ጠብቅ»፣ «ይህን አትመነው»፣ «እንዲህ ስትል ክደናት» ይላል። አንዱን ማስታወሻ ደብተር በዚህ ብቻ ሊሞሉት ይችላሉ። ሲሄዱም ለአንድ እንጀራ ሳይሆን ሊጡ እስኪያልቅ ይቀመጡ፤ ድካምና ንዴት የሚታየው ከሃያኛው እንጀራ በኋላ ነው።

መልስ | የሦስት ልጆች እናት (ባሕር ዳር)

መምህሩ ስለ መብራቱ ያሉት ልክ ነው። እኔ ስለ ክዳኑ ልጨምር፤ ወንድሜ፣ በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ጥሩ ነገር ያነሱት ጥብቅ ክዳን ለእኔ ትልቁ ችግር ነው።

የጥንቱ አክንባሎ እንፋሎቱን በመጠኑ ይጠጣዋል። ብረት ግን አይጠጣም፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ውሃ ሆኖ ይጠራቀምና ክዳኑ ሲነሣ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል። የተንጠባጠበበት ቦታ ይላቁጣል፤ እንግዳ ፊት የሚቀርብ እንጀራ ደግሞ መሐሉ ላይ ልቁጥ ብሎ ሲታይ የጋገረችው ሴት ታፍራለች። ስሜት ካሉ ይኸው ስሜት ነው። ክዳንዎ ወደ ላይ ሾጠጥ ቢል ውሃው ወደ ዳር ይወርድ ነበር።

ሁለተኛው እጀታው ነው። ሠላሳ እንጀራ ስጋግር ክዳኑን ሠላሳ ጊዜ አነሣለሁ፣ ሠላሳ ጊዜ እመልሳለሁ። እናቴ የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ስላለባት ቀጭን የብረት እጀታ መያዝ አትችልም፤ ጨርቅ ጠቅልላበት በሁለት እጇ ታነሣዋለች፤ ያኔ እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል። ክዳኑ በማጠፊያ ወደ ኋላ የሚከፈት ቢሆን እንፋሎቱ ከእሷ ይርቅ ነበር።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ያለው ጭንቀት ነው። የበዓል ዋዜማ ነው፣ ሊጡ ግማሽ ላይ ደርሷል፣ መብራት ሄደ። የድሮው ምጣዴ ወፍራም ስለሆነ ከዚያ በኋላም አንድ ሁለት እንጀራ እንደሚያወጣልኝ አውቃለሁ። የእርስዎ ሸክላ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲባል ስስ ተደርጎ ከሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እኔ ቶሎ ከሚግል ምጣድ ይልቅ መብራት ሲሄድ የማይከዳኝን እመርጣለሁ።

ደወሉን ግን አንሱት። ልጅ አስተኝቼ ነው የምጋግረው።

መልስ | ከሚኒሶታ (አሜሪካ)

በዚህ በሚኒሶታ ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች ዘሮች በብዛት ይኖራሉ። እነሱ «ሌፍሴ» የሚሉት ከድንች የሚሠራ ስስ ቂጣ አላቸው፤ ለእሱ የተሠራ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያም አለ። ብዙ ሐበሻ እንጀራ የሚጋግረው በዚያ ነው። የሠሩት ሰዎች እኛን አስበው አልነበረም፤ ሆኖም ገጹ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ሙቀቱም በቁጥር ስለሚስተካከል፣ ለእኛም ችግር መልስ ሆነ። እንጀራው ከአገር ቤቱ ያንሳል፤ መሶቡን አይሞላም። እናቴ ለጉብኝት የመጣች ጊዜ አንዱን አንሥታ በመዳፏ ላይ ዘርግታ ዝም ብላ አየችው፤ በነጋታው ሁለቱን ጎን ለጎን አነባብራ ማቅረብ ጀመረች።

በአንድ ነገር ግን ከባሕር ዳሯ እኅቴ ጋር አልስማማም። ደወሉ ይቅር አይባል። እኔ አገር ቤት ሳለሁ መጋገር አልተማርኩም፤ እዚህ ብቻዬን ስጀምር የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው እንጀራ ማሟሻ ሆኖ መቅረቱ የታወቀ ነው፤ የእኔ ግን ለወራት ሁሉም ማሟሻ ሆኖብኝ እያለቀስኩ የደፋሁት ሊጥ ብዙ ነው። መቼ እንደሚከደን፣ መቼ እንደሚነሣ የሚነግር ደወል ቢኖረኝ ኖሮ እንደ ሰው ድምፅ እቆጥረው ነበር። እርስዎ አንድ ደንበኛ አለኝ ብለው ነው የሠሩት፤ ያለዎት ግን ሁለት ነው። ደወሉ ማጥፊያ ይኑረው።

መልስ | የምርት ዲዛይን መምህር

የሚኒሶታዋ እኅታችን ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ አዋቂዎቹን ብቻ አስቤ ነበር። ስለ እጀታው ደግሞ ጠቃሚ ምሳሌ አለ። በ1990 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሳም ፋርበር ባለቤታቸው በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት የአትክልት መላጫ መያዝ ሲቸግራቸው አይተው፣ «ኦክሶ» በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት ወፍራም የጎማ እጀታ ያላቸው የወጥ ቤት ዕቃዎችን አወጡ። ለታመመ እጅ የታሰበው እጀታ ለጤነኛውም የበለጠ ተመቸ፤ ዕቃዎቹም «የሕመምተኛ» ተብለው ሳይለዩ ለሁሉም ተሸጡ። የባሕር ዳሯ እኅታችን እናት ጨርቅ የጠቀለሉበትን እጀታ ፎቶ ቢያገኙ ለእርስዎ ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል፤ የጨርቁ ውፍረት ራሱ ልኬት ነው።

መልስ | ባለ ወርክሾፑ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቹን እንዳነበብኩ ወደ ወርክሾፑ ሄጄ የገጹን ሙቀት መሐሉና አራት ዳሩ ላይ ለካሁ። መብራቱ ሲጠፋ መሐሉ ደርሷል፤ ዳሩ ግን ገና ነው። ሊጥ ማፍሰስ የሚጀመረው ደግሞ ከዳር ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የሞከርነው መሐሉ ላይ መለኪያ አስቀምጠን ነበር።

የቴርሞስታቱን ጫፍ ወደ ዳር አውጥተን ከሸክላው ሥር ልናስጠጋው ነው፤ ለደወሉም ማጥፊያ እናደርግለታለን። ማጠፊያ ያለው ሾጣጣ ክዳን ዋጋውን ከፍ ስለሚያደርገው በመጀመሪያ አንድ ብቻ እንሠራለን። ያንን ይዤ ወደ እኚያ እናት ዘንድ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ መጋገር እንዲያስተምሩኝ ጠይቄያቸው «ሊጡን አንተው ታቦካለህ» ብለውኛል።