30 ፓውንድ የተከፈለበት ድምፅ የማን ድርሰት ነው?

ፕሪዝም፦
ባለፈው ሳምንት ከእንግሊዙ ሮክ ባንድ ከፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም የትኛውን ዘፈን ትመርጣላችሁ ብለን ስንጫወት ብዙዎቻችሁ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ»ን አላችሁ። ምክንያታችሁን ስትጽፉ ሁላችሁም ያነሣችሁት ያለ ቃል የምትዘፍነውን የሴትዮዋን፣ የክሌር ቶሪን ድምፅ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በግልጽ ላውጣው። አልበሙ በ1973 ሲወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) በዘፈኑ ደራሲነት የተመዘገበው የኪቦርድ ተጫዋቹ የሪቻርድ ራይት ስም ብቻ ነበር። ክሌር ቶሪ በሽፋኑ ላይ በድምፃዊነት ተጠቅሳለች፣ በደራሲነት ግን የለችም። በ2004 ባንዱንና የሸክላ አሳታሚውን ኢኤምአይን ከሰሰች። በ2005 ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ፤ ከዚያ ወዲህ በሚታተመው ላይ የራይትና የቶሪ ድርሰት ተብሎ ይጻፋል። እኔ ተገቢ ነው፣ የዘገየ ፍትሕ ነው እላለሁ። የማይስማማ ካለ ይናገር።

ጣት በቁልፍ፦
እኔ አልስማማም። ድምፁን እንደ እናንተው እወደዋለሁ፤ መውደድና የደራሲነት ማዕረግ መስጠት ግን ይለያያል። ዘፈኑን ኪቦርድ ላይ ደጋግሜ ተጫውቼዋለሁ። ፒያኖው ከቢ ማይነር ይነሣል፣ ኮርዶቹ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ባልጠበቅከው መንገድ እየዞሩ ይሄዳሉ፣ ድምፁ የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ ጂ ማይነርና ሲ መመላለስ ይጀምራሉ። በዚሁ አልበም «ብሪዝ» ላይ ኢ ማይነርና ኤ እንደሚመላለሱት ማለት ነው፤ ቶኑ ተቀየረ እንጂ በሁለቱ ኮርዶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው። አልበሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የሚያደርገው እንዲህ ያለው የራይት ሥራ ነው። ቶሪ የመጣችው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እሑድ በመሆኑ እጥፍ ሂሳብ፣ 30 ፓውንድ ተከፈላት፤ ዘፍና ሄደች። ሁለቱም ወገን ወዶ የተስማማበት ሥራ ነው።

ሸክላ ቤት፦
ልጆች፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ያ ምሽት እንዴት እንደነበር ይታወቅ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1973፣ ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ። ቶሪ ያን ጊዜ 25 ዓመቷ ነው። የጠቆማት የድምፅ መሐንዲሱ አለን ፓርሰንስ ነበር፤ የሌሎችን ዘፈኖች ስትጫወት ሰምቷት ያውቃል። ቅዳሜ የቻክ ቤሪን ኮንሰርት የምታይበት ትኬት ስለነበራት ቀጠሮው ወደ እሑድ ማታ ዞረ። ገብታ «ኦ ቤቢ» እያለች ስትጀምር ቃል አንፈልግም አሏት። በቃል ፋንታ ምን ዓይነት ዜማ እንድታወጣ ግን የነገራት የለም፤ ኖታም አልተሰጣትም። እኔም መሣሪያ ነኝ ብዬ ልዝፈን አለች። ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ዘፈነች፤ ሦስተኛውን ራሴን እየደገምኩ ነው ብላ መሃል ላይ አቆመችው። አይጠቀሙበትም ብላ ነው የወጣችው። መግባቱን ያወቀችው ሸክላ መሸጫ ውስጥ አልበሙን አይታ ስሟን ሽፋኑ ላይ ስታነብ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለአንድ ነገር ነው። ራይት ያቀረበው ኮርድ ነው። ዜማውን ያወጣችው እሷ ናት። በኛ ካሴቶች ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ ተለይቶ ሲጻፍ አይታችኋል። ይህን ዘፈን በዚያ መንገድ ጻፉት ብትባሉ ከ«ዜማ» ጎን የማንን ስም ታስቀምጣላችሁ?

ቤዝ ብቻ፦
ጋሼ፣ ካነሡት አይቀር እኔም ልጠይቅዎት። ድንበሩ የት ነው? በአልበሙ ሌላ ዘፈን፣ «መኒ» ላይ ያለውን የዲክ ፓሪን ሳክስፎን ማንም ቀድሞ አልጻፈለትም ብንል እሱም ደራሲ ሊሆን ነው? በ«ዘ ግሬት ጊግ» መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሞትን አልፈራም የሚለው ጄሪ ኦድሪስኮል የአቢ ሮድ በር ጠባቂ ነበር። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሮጀር ዎተርስ በካርድ የጻፋቸውን ጥያቄዎች እያሳየ ሰዎችን ሲቀዳ መለሰ፣ መልሱ ገባ። ንግግሩ የራሱ ነው፣ ያለሱ ዘፈኑ ይጎድላል። በር ጠባቂውም ይካፈል?

ጣት በቁልፍ፦
ይኸው ነው የኔም ጥያቄ። ጃዝን ተመልከቱ። ሶሎ የሚወስደው፣ ማለትም ተራ ደርሶት ለብቻው ጎልቶ የሚጫወተው ሰው በሌላ ሰው ዘፈን ላይ እዚያው ፈጥሮ ይጫወታል፣ ሶሎው ከዘፈኑ በላይ ሊታወቅ ይችላል፤ ድርሰቱ ግን ያው የመጀመሪያው ሰው ነው። ይህን ሕግ ካፈረስን ማንም ባንድ ሙዚቀኛ ጠርቶ «እንደተሰማህ ተጫወት» ሊል አይደፍርም። ነፃነት የሰጠ ሰው በሰጠው ነፃነት ሊከሰስ አይገባም።

ፕሪዝም፦
ጣት በቁልፍ፣ የጃዙ ምሳሌህ ለኔ ነው የሚመሰክረው። እዚያ መጀመሪያ ዜማ አለ፤ ባንዱ ዜማውን ይጫወታል፣ ሶሎው ይመጣል፣ ዜማው ይመለሳል። እዚህ የሚመለስ ዜማ የታለ? ይህን ዘፈን አጉረምርምልኝ ብልህ አንተ ራስህ የምታወጣው የሷን ድምፅ ነው። ለቤዝ ብቻም ይኸው ነው መልሴ፦ «መኒ» ያለ ሳክስፎኑም ግጥሙና ዜማው የቆመ ዘፈን ነው።

ደግሞ መገመት አያስፈልገንም፤ ያለሷ ምን እንደሚመስል ይታወቃል። ባንዱ አልበሙን ሳይቀዳ በ1972 ዓመቱን ሙሉ በመድረክ ተጫውቶታል። ያን ጊዜ ይህ ክፍል በኦርጋን የሚሄድ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ የሚሰማበት የሞት ነገር ነበር። በ2011 በወጣው የአልበሙ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የ1972 ቅይጥ (የቀረጻው የቀደመ ድብልቅ) አለ፤ ፒያኖው አለ፣ ባንዱ አለ፣ ድምፅዋ በሚመጣበት ቦታ የጠፈርተኞች የሬዲዮ ንግግር ይሰማል። እባካችሁ ስሙት። ደስ የሚል መሸጋገሪያ ነው። ሰው ተቀምጦ የሚያለቅስበት ዘፈን ግን አይደለም።

ችሎት፦
በሕግ በኩል ሁለት ነገር ላጥራ። የቶሪ ክስ በስምምነት ስላለቀ ፍርድ የለም። ድርሻዋ ስንት እንደሆነም ይፋ አልወጣም። ስለዚህ «ፍርድ ቤት ደራሲ ናት ብሏል» የምትሉ ተጠንቀቁ።

ፍርድ የተሰጠበት የቅርብ ዘመዱ የሌላው የእንግሊዝ ባንድ የፕሮኮል ሀረም ጉዳይ ነው። በ1967 የወጣው «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» በመጀመሪያ ሴኮንዱ የሚታወቀው በኦርጋኑ ነው፤ ኦርጋኑን የተጫወተው ማቲው ፊሸር ግን በደራሲነት አልተመዘገበም ነበር። ከሰሰ። በ2006 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሙዚቃው መብት ላይ 40 በመቶ ሰጠው። ይግባኝ ተባለ፣ ጉዳዩ ያኔ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው ጌቶች ምክር ቤት ሄደ፣ በ2009 አጸኑለት። 40 ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው ቢባልም መዘግየቱ መብቱን አያጠፋም ተባለ፤ ያለፈውን ዘመን ገንዘብ ግን አላገኘም። የተጻፈ ኮርድ ላይ ቆሞ የራሱን ዜማ ያወጣ ሰው የጋራ ደራሲ ሊሆን ይችላል፣ ትርጉሙ ይህ ነው።

በኛ አገርም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ደራሲንና ከዋኝን ለይቶ ያስቀምጣል። የዘፈነ ሰው ተዛማጅ መብት አለው፤ የደረሰ ሰው ሌላ መብት አለው። ቶሪ ሁለቱም ነኝ ነው ያለችው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። እኔ ሥራዬ ተቀባይነት ነው፤ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ላበሻ ድምፃውያን አልበም አጅቤ እዘፍናለሁ። «እንደተሰማሽ አድርጊው» የሚለው ቃል ስቱዲዮ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አቀናባሪው ሐሳብ አልቆበታል ማለት ነው። አንድ ጊዜ መግቢያ ላይ ያለ ቃል ያንጎራጎርኩት ነገር አልበሙ ሲወጣ የዘፈኑ ዋና ዜማ ሆኖ አገኘሁት፤ በሳክስፎን አስደግመውታል፣ ማስታወቂያው ላይም እሱ ነው የሚሰማው። ስሜ በተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም። ማንነታቸውን አልናገርም፣ ለዚያ አይደለም ያነሣሁት።

ጣት በቁልፍ ወንድሜ፣ «ወዳ ተስማማች» ያልከው አሳዘነኝ። የተስማማችው ለሦስት ሰዓት ጉልበቷ ነው። ድርሰት ሊጠይቋት እንደሆነ እሷም አታውቅ፣ እነሱም አላወቁም። አልበሙ ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 741 ሳምንት ቆየ። ያን ሁሉ ዘመን ለራይት የደራሲነት ገንዘብ ሲገባ ለሷ ያ የእሑድ ክፍያ ነው የቀረው።

አንድ ማስረጃ ደግሞ ልጨምር፣ የዘፋኝ ማስረጃ ነው። በ1994 የፒንክ ፍሎይድ የኮንሰርት ጉዞ ይህን ዘፈን ሦስት ሴቶች ተካፍለው ነው የሚዘፍኑት፦ ሳም ብራውን፣ ዱርጋ መክብሩም፣ ክላውዲያ ፎንቴይን። አድምጧቸው። እንደተሰማቸው አይደለም የሚዘፍኑት። ቶሪ የወጣችበት ጋ ይወጣሉ፣ ድምፅዋን የሰበረችበት ጋ ይሰብራሉ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ሹክሹክታ የወረደችበት ጋ ይወርዳሉ። ሌላ ሰው አጥንቶ የሚዘፍነው ነገር ዜማ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ሸክላ ቤት፦
ተባረኪ ልጄ።

ጣት በቁልፍ፦
እህቴ፣ የደረሰብሽ በደል ነው፤ እሱን ከዚህ ክርክር ጋር አላጋጭም። ስለ ሦስቱ ሴቶች ያልሽው ከበደኝ፣ ሄጄ አዳመጥኩት፣ እንዳልሽው ነው። አንድ የሚቀረኝ ነገር ግን አለ። አልበሙ ላይ ያለው ድምፅ አንድ ወጥ ቀረጻ አይደለም፤ ከዘፈነችባቸው ቀረጻዎች ተመርጦ የተገጣጠመ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ የትኛው ጩኸት ከየትኛው ዝምታ ቀጥሎ ይምጣ የሚለውን የወሰኑት ስቱዲዮ የቀሩት ሰዎች ናቸው። ሦስቱ ሴቶች የሚያጠኑት ዜማ ያ የተገጣጠመው ነው። ስለዚህ ስሟ መግባቱን እቀበላለሁ፤ እኩል ደራሲ ናት የሚለውን አልቀበልም። ለፊሸር የተሰጠው ዓይነት፣ ከግማሽ ያነሰ ድርሻ ብትሉኝ እሺ እላለሁ።

ቤዝ ብቻ፦
እኔም እዚያ ላይ ነኝ። በር ጠባቂውን አንሥቻለሁ፣ እሱን አውጥቼዋለሁ፤ ንግግር ነው፣ ዜማ አይደለም። ዲክ ፓሪን ግን ገና አልለቀቅኩትም፤ በዚሁ አልበም «አስ ኤንድ ዜም» ላይ ያለውን ሳክስፎን ለብቻው እንነጋገርበት።

ፕሪዝም፦
መገጣጠም ካነሣህ፣ ጣት በቁልፍ፣ የደራሲ ረቂቅ በአርታኢ ሲቆረጥ አርታኢው ደራሲ አይሆንም። የተመረጠው ሁሉ ከሷ የወጣ ነው። በ2023 ሮጀር ዎተርስ አልበሙን ብቻውን እንደገና ሲሠራው በዚህ ዘፈን ላይ ያ የሴት ድምፅ የለም፤ በቦታው እሱ ይናገራል። ሰምቼዋለሁ፣ በአክብሮት ሰምቼዋለሁ። ኮርዶቹ እዚያው አሉ። እኔ የምወደው ዘፈን ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ለኔ ድርሻዋ ከግማሽ አያንስም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ በመቶኛው እናንተ ቀጥሉ። እኔ ከ«አስ ኤንድ ዜም» በፊት የዚያን አልበም ተቀባዮች ስም እዚህ ማስፈር እፈልጋለሁ፣ ማንም ስላላነሣቸው፦ ዶሪስ ትሮይ፣ ሌስሊ ደንከን፣ ላይዛ ስትራይክ፣ ባሪ ሴንት ጆን። «ብሬይን ዳሜጅ» ላይ ከጀርባ እየጎላ የሚመጣው የሴቶች ድምፅ የነሱ ነው። ቤዝ ብቻ፣ ስለ ሳክስፎኑ ስትጀምር ከነሱ ጋር አብረህ አንሣው።