ዶዘር በግቢ ይጠገን ወይስ ለማቅለጫ ይሰጥ?

የቃሊቲ ሞተሪስታ፦
ትናንት እዚሁ መድረክ ላይ የተጻፈ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ልጅ እሳት የበላው ዲ7 ዶዘር በጨረታ ገዝቷል። ግቢው ውስጥ ፈታትቶ ፎቶ ለጠፈና ምክር ጠየቀ። ኢንጂነር 22 የመለሰለት ይህን ነው፦ «ሬሳ አትቀስቅስ። ቆራርጠህ ለማቅለጫ ስጠው፣ ፌሮ ይሁን። በየግቢው የሚካሄደው ይህ ሥራም መከልከል አለበት።» ልጁ ፎቶውን አጥፍቶ ዝም አለ።

እኔ ዝም አልልም። ሞተር ማውረድ ከጀመርኩ 31 ዓመቴ ነው። ፎቶውን አይቼዋለሁ። እሳቱ የጎዳው ሞተሩን፣ ገመዱንና የኦፕሬተሩን ወንበር ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ተሰንጥቋል። ራዲያተሩ የለም። አፈር የሚገፋው ምላጭ ግን ደህና ነው። ሻንሲው ደህና ነው። 20 ቶን ገደማ የሚመዝን ማሽን በአንድ ቴስታታ ምክንያት ፌሮ ይሁን ይባላል? እስኪ አስረዳኝ።

ኢንጂነር 22፦
ጋሼ፣ ሙያዎን አከብራለሁ። ቃሌን ግን አላነሳም። እሳት የነካው ብረት ሲያዩት ያው ነው፣ ጥንካሬው ግን ያው አይደለም። ፋብሪካ ያጠነከረው ቡሎን ከጋለ በኋላ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። የሃይድሮሊክ ጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። ግቢ ውስጥ ይህን በምን ይለኩታል? ኦፕሬተሩ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነው ቡሎኑ የሚበጠሰው። ሬሳ ያልኩት ለዚህ ነው።

ባለ ቶርኖ፦
ቡሎኑ ከለሰለሰ ቡሎን ይቀየራል። ቱቦው ከበሰበሰ ቱቦ ይቀየራል። የምትቆጥራቸው ሁሉ የሚቀየሩ ናቸው። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው ሬሳ የሚያሰኘው?

ኢንጂነር 22፦
ሁሉንም ከቀየርክማ አዲስ ማሽን ገዛህ ማለት ነው። ሂሳቡን ሠርተኸዋል? ዶዘር ላይ ትልቁ ወጪ እግሩ ነው። ሰንሰለቱ፣ ሮለሩ፣ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ስፕሮኬት። ማሽኑ በዕድሜው ለጥገና ከሚፈጀው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን የሚበላው እሱ ነው። የልጁ ፎቶ ላይ የስፕሮኬቱን ጥርስ አይተሃል? እንደ መርፌ ሾሏል።

ባለ ቶርኖ፦
አይቻለሁ። ስፕሮኬቱ ይቀየራል። የሰንሰለቱ ፒንና ቡሽ ግን ገና አንድ ጎናቸው ብቻ ነው የተበላው። በፕሬስ ወጥተው ግማሽ ዙር ዞረው ሲገቡ ያልተበላው ጎን ሥራ ይጀምራል። ይህን ፋብሪካውም ያውቀዋል። ፕሬሱ ግቢ ውስጥ የለም፣ ልክ ነህ። ሰንሰለቱ ይጠቀለልና መኪና ላይ ተጭኖ ፕሬስ ያለው ጋ ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ይጠገናል ስንል ሁሉም ነገር በመዶሻ ግቢ ውስጥ ያልቃል ማለታችን አይደለም። ክራንኩ ሬቲፊካ (መላጊያ) ቤት፣ የናፍታ ፖምፓው ፖምፒስታ ጋ፣ ጥርሱ እኔ ጋ ይመጣል። ግቢው መፍቻና መግጠሚያ ነው።

የሳሪስ ጎረቤት፦
ስለ ፌሮም ስለ ሬሳም አላውቅም። ከአጥሬ ማዶ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሎደር ተፈቷል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሳልዳቱራ ሲጀመር የቤቴ መብራት ይፈዛል። ፍሪጄ ሁለቴ ተበላሽቷል። ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ ብየዳውን ሲያይ አምሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ እያለ አልቅሷል። የተቃጠለ ዘይት በቦይ ይወርዳል። ቦያችን መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል። ገበያ ወጥተን የምንገዛው ያንኑ ነው። እናንተ ስለ ማሽኑ ነፍስ ትከራከራላችሁ፣ ስለ ሰፈሩ ሰው ማን ይከራከር?

የቃሊቲ ሞተሪስታ፦
እህቴ፣ ያልሽው እውነት ነው። ልጅሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዘይት ቦይ ውስጥ የሚደፋ ሰው ሊቀጣ ይገባዋል። ዘይት በበርሜል ይጠራቀማል፣ የሚገዛ አለ። ብየዳም መጋረጃ ይደረግለታል። ማታ መበየድ ነውር ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ይህ የአንቺ ጎረቤት ጥፋት ነው። ለአንድ ጎረቤት ጥፋት ሙያው ሁሉ ይዘጋል?

የሳሪስ ጎረቤት፦
ሁለት ዓመት የለመንኩት ሰው የሚመልስልኝ ይህንኑ ነው፣ ጋሼ። «ሌላው ነው የሚያጠፋው» ይለኛል።

ኢንጂነር 22፦
ይኸው። እኔ የተናገርኩትን እሷ እየኖረችው ነው።

የአሰላ ልጅ፦
22፣ የሷን እንባ ለራስህ ክርክር አትዋሰው። አንተ ያልከው ፌሮ ይሁን ነው። እሷ ያለችው ዘይት አይደፋብኝ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ስለ ሬሳ ካነሳህ የአባቴን ቤላሩስ ትራክተር ልንገርህ። በደርግ ጊዜ ናዝሬት የተገጣጠመ ኤምቲዜድ 80 ነው። አራት ሲሊንደር፣ 80 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩ ነክሶ ስድስት ዓመት ዝናብ ሲወርድበት ኖረ። ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር። እኔና አጎቴ ግቢ ውስጥ ሦስት ግንድ አቁመን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ሞተሩን አወጣነው። ፒስተኑና የሚመላለስበት ቱቦ፣ ላይነሩ፣ ተጣብቀዋል። ናፍታ ሞልተንበት ሳምንት ጠበቅን፣ በእንጨት መታነው፣ ወጣ። ላይነሩን ስናወጣ ውጩ የፈንጣጣ ፊት መስሏል። ዕድሜ ልኩን ራዲያተሩ ውስጥ የተጨመረለት ባዶ ውሃ ነው። ባዶ ውሃ ላይነሩን ከውጭ በኩል እየቦረቦረ ይበሳዋል፣ አንድ ቀን ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል። አራት ላይነር፣ አራት ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ገዛን። የቀረው ሁሉ የራሱ ነው። ያ «ሬሳ» ዘንድሮ የሦስት ጎረቤት ስንዴ ወቅቷል።

ኢንጂነር 22፦
ትራክተርና ዶዘር አንድ አይደሉም። ያንተ ግቢ ደግሞ ገጠር ነው፣ ሰፊ ነው። ሌላው ደግሞ ይህ የጣልያን ቋንቋችሁ። ቴስታታ፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን። የአምራቹን ማንዋል ስትከፍቱት ከነዚህ አንዱም የለም። ቡሎኑ በስንት ይጠበቅ የሚለውን የማያነብ ሰው በክንዱ ነው የሚገምተው።

ባለ ቶርኖ፦
ቋንቋችንን ምን አገባህ? ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ብለን ነው ያደግነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ሄጄ ጓርኒሲዮን ስል የሚፈለገው ዕቃ በእጄ ይገባል። ቶርክ መለኪያ ቁልፍም አለኝ፣ ማንዋልም አለኝ። ጣልያንኛ ስለተናገርኩ ቁጥር አላነብም ማለት ነው? ያስተማሩኝ ሰዎች ትምህርት ቤት አልገቡም። በጣታቸው ቴስታታ ዳስሰው የት ጋ እንደጎበጠ ይነግሩህ ነበር፣ ከዚያም በማስመሪያ ለክተው ያሳዩሃል።

ኢንጂነር 22፦
በጣት ዳሰሳ ሰው አይኖርም።

ባለ ቶርኖ፦
ለክተው ያሳዩሃል ብያለሁ። ግማሹን ብቻ አታንብብ።

ከሻርጃ፦
እዚህ የምሠራው አሮጌ የማሽን ዕቃ ላይ ነው። አዲስ ግዙ የሚሉ ሰዎች ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። ከሐምሌ 2016 በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ይሸጥ ነበር፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ድሮ አንድ ማሽን አስገብቶ ኮንትራት ይዞ የሚሠራ ሰው ዛሬ ለዚያው ማሽን ቴስታታ ነው ከእኔ የሚገዛው። ዲ7ጂ የሚባለው የዲ7 ዓይነት ሞተሩ 3306 ነው፣ ስድስት ሲሊንደር። ያ ሞተር ዓለም ላይ ሞልቷል። ጄኔሬተር ላይ አለ፣ ሎደር ላይ አለ። ዕቃው ያልጠፋ ማሽን እንዴት ሬሳ ይባላል?

ከዴንቨር፦
እኔ ያለሁበት ኮሎራዶ ገበሬው በራሱ መጋዘን ትራክተሩንም ኮምባይነሩንም ይፈታል። ማንም ሬሳ አይለውም። እንዲያውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 ሕግ ወጥቶለታል፣ ከጥር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። አምራቹ ማንዋሉን፣ ዕቃውንና መመርመሪያ ሶፍትዌሩን ለገበሬው እንዲያቀርብ ይገደዳል። ሰው የራሱን ማሽን የመጠገን መብት አለው።

ኢንጂነር 22፦
ወንድሜ፣ ያ ሕግ አምራቹ መረጃ አይደብቅ ይላል። ከጎረቤት ቤት አምስት ሜትር ርቀት ላይ 20 ቶን በክሪክ አንሣ አይልም። የኮሎራዶ ገበሬ ጎረቤቱን ለማየት መኪና ያስነሳል።

ኦፕሬተሩ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። 14 ዓመት ዶዘር ነድቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግቢ ውስጥ ነው የተጎዳው። የሰንሰለት መወጠሪያው ውስጥ ትልቅ ሞላ አለ። ብዙ ቶን ኃይል ታምቆበት የተቀመጠ ነው። ያዘዘው ሰው ይህን አልነገረውም። ቡሎኑን በኦክስጅን ቆርጦ ሲጨርስ ሞላው ወጣ። ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ ወሰደው። 23 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ሱቅ ነው የሚጠብቀው።

ማሽን ሬሳ ይባል አይባል አልገባኝም። ወንድሜ ግን ሬሳ ሊሆን ነበር።

የቃሊቲ ሞተሪስታ፦
ወንድሜ፣ አዝናለሁ። ከልቤ ነው። ያንን ሞላ ያለ ማሰሪያው የሚፈታ ሰው እኔም ግቢ አይገባም። ወጣቶች ስለምታነቡ ልድገመው። መወጠሪያውን በእሳት አትቁረጡ። ግሪሱን ስታስተነፍሱ ፊታችሁን አታስጠጉ። ምላጩ መሬት ሳይወርድ ከሥሩ አትግቡ። በክሪክ ብቻ አትመኑ፣ ግንድ ደርድሩ። ሃይድሮሊክ ሲያፈስ ቀዳዳውን በእጅ አትፈልጉ፣ ካርቶን አስጠጉ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ላዩ ነጥብ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ውስጡ እጅ ያስቆርጣል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

22 ግን ይህንን ለልጁ አልነገረውም። እኔን ያስቆጣኝ ይህ ነው። ልጁ ምክር ጠየቀ። መወጠሪያውን ተጠንቀቅ ብትለው ኖሮ አመሰግንህ ነበር። ሬሳ ነው ብለህ ዝም አሰኘኸው። አሁን ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ ብቻውን ይፈታዋል።

ኢንጂነር 22፦
ይህንን እቀበላለሁ። ስለ መወጠሪያው ልነግረው ይገባ ነበር። ስለ ማሽኑ ያልኩት ግን እንዳለ ነው። የተሰነጠቀውንስ ቴስታታ ምን ልታደርጉት ነው? እሱም በሳልዳቱራ?

የቃሊቲ ሞተሪስታ፦
ስንጥቁ ቫልቭ መቀመጫውን ካልነካ፣ አዎ። የስንጥቁ ሁለት ጫፍ መጀመሪያ በትራፓኖ ይበሳል፣ እንዳይቀጥል። መሐሉ በመፍጫ ድንጋይ ተፈልፍሎ ይከፈታል። ከዚያ ቴስታታው ከሰል ላይ ይጋደማል። አንድ ጎኑ ብቻ ሳይሆን ሁለመናው እኩል እስኪግል ይጠበቃል። በኒኬል ኤሌክትሮድ ሁለት ጣት ያህል ይበየድና ይቆማል። ትኩስ እያለ በትንሽ ማርቴሎ ቀስ ቀስ ተደርጎ ይመታል፣ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ራሱን እንዳይጎትት። እንደገና ሁለት ጣት። ሲያልቅ ደረቅ አመድ ውስጥ ይቀበራል። እስከ ማግስቱ አይነካም። ንፋስ ካገኘው ከብየዳው አጠገብ «ጠቅ» ብሎ ሲሰነጠቅ ትሰማዋለህ፣ የቀኑ ልፋት በዚያች ድምፅ ያልቃል። ማግስቱን ወጥቶ ፊቱ ይላጋል፣ ውሃ በግፊት ይሞላና ይፈተሻል። ካፈሰሰ ይጣላል፣ ሌላ ቴስታታ ከሻርጃው ሰው ይገዛል።

እኛ ጋ አመድ ውስጥ የሚቀበረው እንዲነሳ ነው።

ኢንጂነር 22፦
ከመቶ ስንቱ ይይዛል?

የቃሊቲ ሞተሪስታ፦
ቆጥሬ አላውቅም፣ አልዋሽህም። የያዘውንም ያልያዘውንም አይቻለሁ።

ኢንጂነር 22፦
ይኸው ነው የምለው። ያልተቆጠረ ሥራ።

የአሰላ ልጅ፦
አንተስ ፌሮ የሆኑትን ማሽኖች ቆጥረሃል? ስንቱ ሊሠራ ይችል እንደነበር ማን ጻፈው?

የሳሪስ ጎረቤት፦
እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ልጁ ዶዘሩን የፈታው የት ሰፈር ነው? ከአጥሩ ማዶ ያለውን ሰው አናግሯል?

ባለ ዲ7፦
ልጁ እኔ ነኝ። ፎቶውን ያጠፋሁት ስላፈርኩ ነው። ያለሁት ገላን ነው። አንድ ጎኔ ባዶ መሬት ነው፣ በሌላው ጎን አንዲት እናት አሉ። ነግሬያቸዋለሁ፣ ቀን ቀን ብቻ ሥራ ብለውኛል። ዘይቱን ሁለት በርሜል ውስጥ ይዤዋለሁ። ማሽኑን የገዛሁት ከአጎቴ ጋር ተበድረን ነው። መወጠሪያውን ገና አልነካሁትም። ከሁለት ቡሎን አንዱን ግን ትናንት አላልቻለሁ።

ኦፕሬተሩ፦
ወንድሜ፣ ያላላኸውን መልሰህ አጥብቅና ከዚያ ራቅ። በእናትህ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አድራሻህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ኢንጂነር 22፦
እኔም እመጣለሁ። የብረት ጥንካሬ መለኪያ ከቢሮ እዋሳለሁ። ሻንሲው ከለሰለሰ ግን ያልኩትን እዚያው ፊትህ እደግመዋለሁ።

ባለ ቶርኖ፦
ና። ካልለሰለሰስ?

ኢንጂነር 22፦
መጀመሪያ ይለካ።