ገዢው «ኤልሲ አልከፍትም፣ በካድ እንሥራ» አለኝ፤ ልስማማ?

ጀማሪ ላኪ፣ ሜክሲኮ
ሰላም ናችሁ? ሰሊጥ መላክ ጀምሬያለሁ። አንድ የቱርክ ገዢ አንድ ኮንቴይነር ይፈልጋል። ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ክፈት ስለው «ወጪው ይበዛብኛል፣ በካድ (ሰነዱ በባንክ በኩል መጥቶ ሲከፈል በሚለቀቅበት መንገድ) ይሁን» አለኝ። ሰነዱ በባንክ ከሄደ የሚከፍለኝ ባንኩ ነው ማለት ነው?

የባንክ ሠራተኛ፣ ሰንጋ ተራ
አይደለም ወንድሜ። በኤልሲ የገዢው ባንክ ራሱ ነው ቃል የሚገባልህ፣ ሰነድህ የተባለውን እስካሟላ ድረስ። በካድ ግን ባንኮቹ ተላላኪ ናቸው። ጭነህ ኢንቮይሱን፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉን (ቢኤል የሚሉትን የመርከብ ጭነት ሰነድ) እና ሌሎቹን ሰነዶች ለባንክህ ታስረክባለህ። ባንክህ ለገዢው ባንክ ይልካል። ገዢው ከከፈለ ሰነዱን ይወስዳል። ካልከፈለ ሰነዱ እዚያው ይቀመጣል፤ አንተም ዕቃህን ይዘህ ሌላ ገዢ ፍለጋ ነው። የሚሠራበት ደንብ ዩአርሲ 522 ይባላል፤ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣው ነው። ሰነዶቹን ለባንክህ በምትሰጥበት መሸኛ ደብዳቤ ላይ ይጠቀስ። ሰነዱ የሚለቀቀው በክፍያ ብቻ መሆኑም በግልጽ ይጻፍ።

ትራንዚተር፣ ለገሃር
ቢኤሉ ላይ ኮንሳይኒ (ተረካቢ) በሚለው ቦታ የገዢውን ስም እንዳታስጽፍ! «ቱ ኦርደር» (በፊርማ የሚተላለፍ) ይሁንና ጀርባው ላይ አንተ ፈርም። የቢኤሉ ሦስቱም ኦሪጅናል ወደ ባንክ ይግቡ። አንዷ በኩሪየር ለገዢው ከሄደች አለቀልህ፤ በሷ ብቻ ዕቃውን ያወጣል። በአውሮፕላን የሚላክ ከሆነማ ሌላ ጣጣ ነው። ኤርዌይቢል (የአየር ጭነት ሰነዱ) እንደ ቢኤል የባለቤትነት ሰነድ ስላልሆነ ስሙ የተጻፈው ሰው ያለ ኦሪጅናል ሰነድ ይረከባል።

ጀማሪ ላኪ
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ «የ90 ቀን ጊዜ ስጠኝ» እያለ ነው።

ላኪ፣ መርካቶ
ኧረ ተወው! ያ ዲኤ ነው። ድራፍቱ (የክፍያ ግዴታ ወረቀቱ) ላይ ፈርሞ ሰነዱን ይወስዳል፤ ብሩ ከ90 ቀን በኋላ፣ ከመጣ። ለማታውቀው ሰው አይሆንም። እኔ ለአዲስ ገዢ በካድ የምልከው 30 ፐርሰንቱን አስቀድሞ በቲቲ (በባንክ ሐዋላ) ካስገባ ነው። የሰሊጥ ዋጋ ሲወርድ ስልክ አያነሱም። ዕቃህ ቱርክ፣ መርሲን ወደብ ላይ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ሲቆጥር ጠብቀው «ትንሽ ቀንስልኝ» ይሉሃል። ቅድሚያ የከፈለ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም።

የባንክ ሠራተኛ፣ ሰንጋ ተራ
የመርካቶዋ ላኪ ያለችው ልክ ነው። ፐርሚቱ (የመላኪያ ፈቃዱ) በስምህ ነው፤ ዶላሩ ካልገባ የምትጠየቀው አንተ ነህ። መርሲን የምታምነው ሰው ካለህ ገዢው እምቢ ቢል ባንኩ የሚያነጋግረው ብለህ መሸኛው ላይ አስጽፈው፤ ሥልጣኑ እስከምን እንደሆነም ጨምር።

ጀማሪ ላኪ
30 ሲባል 20 እከፍላለሁ አለ። ዲኤውን ትቷል።

ትራንዚተር፣ ለገሃር
20ው አካውንትህ ሳይገባ አትጫን። የቢኤሉ ረቂቅ ሲመጣልህም ኮንሳይኒውን ሳታይ እሺ እንዳትል።