የሰፈራችን ሮንድ ይቀጥል? ከቀጠለስ ማንን ይጠብቃል?

የማታ ተረኛዋ ነርስ፦
ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አላችሁ። የፊታችን እሑድ ቅሬያችን (ዕድራችን) ተሰብስቦ ድምፅ የሚሰጥበትን ጉዳይ አስቀድመን እንድንነጋገርበት ፈልጌ ነው። የቀረበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ እስካሁን በፈቃደኛ ወጣቶች ሲካሄድ የቆየው የሌሊት ሮንድ ቋሚ ይሁን፤ እያንዳንዱ ቤት በወር 200 ብር ያዋጣ፤ መክፈል የማይችል በሳምንት አንድ ሌሊት ከቤቱ ሰው ያሰልፍ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በሰፈሩ የሚያልፍ የማይታወቅ ሰው መታወቂያ ይጠየቅ።

እኔ ሮንዱ እንዲበተን አልፈልግም። የማታ ተረኛ ስሆን ቤቴ የምደርሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ የደሴ መንገድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከአስፋልቱ እስከ ደጄ ያለውን የድንጋይ ደረጃ የምወጣው ዳዊት እየደገምኩ ነው። ፊሽካቸውን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ያየሁትን ግን መናገር አለብኝ። ደረጃው እኩሌታ ላይ፣ ከግንቡ ሥር አንድ ልጅ ተቀምጧል። ዕድሜው ከ16 አይበልጥም። የሮንድ ልጆች ባትሪ ዓይኑ ላይ አብርተው ከበውታል። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ በጉንጩ ወርዷል፤ ግራ ጎኑን ይዞ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይተነፍሳል። አጠገቡ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። «ከየት ሰረቅኸው?» ይሉታል። ልጁ ተሸካሚ ነው። ምጣዱ የአከራዩ ነው፤ ጠጋኙ ሥራውን እስኪጨርስ ሲጠብቅ መሽቶበታል። በነጠላዬ ጫፍ ደሙን ስጠርግለት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እትዬ፣ ምጣዱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይዩልኝ።»

ተሰንጥቆ ነበር።

አሁን እሑድ የምንወስነው ያን ሌሊት በስሕተት የተደረገውን ደንብ ለማድረግ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። እናንተስ?

ባለ ሱቁ፦
እህቴ፣ በልጁ ላይ የደረሰው በደል ነው፤ በእሱ አልከራከርሽም። ነገር ግን የእኛንም ወገን ተናገሪ። ሮንዱ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ሌሊት ከአራት በር የውሃ ቆጣሪ ተነቅሎ ሄዷል። ውሃው እስኪነጋ በመንገዱ ሲወርድ አደረ፤ ያውም በፈረቃ የምናገኘው ውሃ! ሌባው ናሱን በኪሎ ሸጦ የሚያገኘው ከአንድ ቀን ምሳ አያልፍም፤ እኛ ግን አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት ስንት ደጅ ጠናን። የእኔም ሱቅ ጣሪያ ቆርቆሮው ተገልጦ ዘይትና ስኳር ወጥቷል። ደውለን የመጣልን ሰው የደረሰው ጠዋት ነው። ሮንዱ ከወጣ ወዲህ አንድም ቆጣሪ አልጠፋም። ይህን እንዴት እንርሳው?

ደግሞስ መታወቂያ መጠየቅ ምን ነውር አለው? በየኬላው እንጠየቅ የለም? ንጹሕ ሰው አሳይቶ ያልፋል።

ወጣት መሐንዲስ፦
እኔ ይበተን ባይ ነኝ። ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው? 200 ብሩን ባዋጣን ቁጥር ጸጥታ የማስከበር ግዴታ ያለበትን አካል «እነርሱ ራሳቸውን ችለዋል» እናሰኘዋለን። መብራት እንዲተከልልንና የሌሊት ቅኝት እንዲመደብልን ተፈራርመን እንጠይቅ፤ እስኪመልሱልን እንመላለስ።

ባለ ሱቁ፦
ወንድሜ፣ እስኪመለስልን ሱቁን ማን ይጠብቅ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ረዘም ላደርግ ነው፤ ታገሡኝ።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን፣ በኋላ ቀበሌ ያልነውን ማለት ነው፣ ይዞ መጣ። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ለነዋሪው ቅርብ የሆነ አካል ነበር የተባለው፤ አነስተኛውን ኪራይ ይሰበስባል፣ መንገድ ያጸዳል፣ ቀላል ክርክር በፍርድ ሸንጎ ይዳኛል። ማን ይጠላዋል? ቀጥሎ አብዮት ጥበቃ መጣ። መጀመሪያ ዱላ ይዘው ወጡ፣ ከዚያ ጠመንጃ። በ1969 እና በ1970 በየከተማው ምን እንደተደረገ የሚያውቅ ያውቃል። ሌሊት በር አንኳክቶ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» የሚለው ባዕድ አልነበረም፤ በአንድ ምንጭ ውሃ የቀዳን የሰፈር ልጅ ነበር። ስለዚህ ወጣቶቻችን ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። ዱላ የያዘና ተቆጣጣሪ የሌለው ሰው፣ ጥሩ ልጅም ቢሆን፣ ሦስት ወር ሲቆይ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

ከዚያም በፊት ቢሆን አውጫጭኝ ነበረን። ከብት ቢጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ሌባው ካልተጠቆመ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ይህን እንደ ጥበብ የሚያነሣው ብዙ ነው። እኔ ግን አባቴ ሲነግሩኝ የሰማሁት፣ ውሎው ሲመርና ሆድ ሲብስ የሚጠቆመው ዘመድ የሌለው ሰው እንደነበር ነው። ሌባ ሻይም ያው ነው፤ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ያለ ማስረጃ ሌባ ፍለጋ ሲጀመር መንገዱ ሁልጊዜ ወደ ደካማው ደጅ ነው የሚወስደው።

ባለ ሱቁ፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ነገር ግን ቅርቡን ትተው ሩቁን ነው የነገሩን። ከተማችን በጦርነቱ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ሳይቀሩ ተዘርፈዋል። በእኛ መንገድ ጥለውት የሄዱት ቤት በሩ ሳይሰበር የቆየው የቀረነው ሰዎች ተራ ገብተን ስላደርን ነው። የማን አዋጅ አዘዘን? የሰፈር ሰው ሰፈሩን ጠበቀ። እርስዎም ከእኛ ጋር አድረዋል።

ጡረተኛው መምህር፦
አድሬያለሁ። አልክድም፤ እኮራበታለሁም።

ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ወራት አስታውስ። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የመጣው ሕዝብ ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልቶ፣ የተረፈው በየቤታችን ገብቶ ነበር። አንተ ራስህ ዘጠኝ ሰው በሱቅህ ጓዳ አሳድረሃል። መታወቂያ ጠየቅሃቸው? የመጡት እኮ ነጠላ ብቻ ለብሰው ነው። ጥቅምት ላይ ደግሞ ተራው ወደ እኛ ዞረ። የእኔ ልጆች በሐረጎ ተራራ ቁልቁል በእግራቸው ወርደው ደብረ ብርሃን ሲደርሱ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ «የማይታወቅ ሰው» እነርሱ ነበሩ። የደብረ ብርሃን ሰው በር ባይከፍት ኖሮ ዛሬ ስለ ምን እንደምናወራ አላውቅም። ይህ ሁሉ በሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ «የማይታወቅ ሰው ይቁም» የሚል ደንብ በእጃችን ልንጽፍ ነው?

ጠበቃዋ፦
ሕጉን በተመለከተ ጥቂት ላክል፤ እሑድ ዕለት «መብታችን ነው» የሚል ክርክር እንደሚነሣ ስለማውቅ።

በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 50 ማንኛውም ሰው ያለ መያዣ ትእዛዝ ሰው እንዲይዝ የሚፈቅድለት እጅ ከፍንጅ ሲያገኘው ነው፤ ያውም ወንጀሉ ቢያንስ 3 ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን። የያዘውም ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ምጣድ ተሸክሞ በሌሊት መሄድ እጅ ከፍንጅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። በአንቀጽ 19 ፖሊስ ራሱ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ይገደዳል። ፖሊስ የሌለውን ሥልጣን ቅሬ ከየት ያመጣዋል?

እናም ልብ አድርጉ፦ አንድ የሮንድ ልጅ ሰው ቢደበድብ የሚከሰሰው ልጁ ነው። ድምፅ ሰጥተን የላክነው ሰዎች ቤታችን እንተኛለን፤ እስር ቤት የሚገባው እሱ ነው።

ከሮንዱ ወጣቶች አንዱ፦
እኔ ያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ።

አልመታሁትም። ግን አላስቆምኩም። ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ስንወጣ የተሰጠን አንድ ፊሽካና አንድ ባትሪ ነው። የዝናብ ልብስ የለንም። ምን ማድረግ እንደምንችልና እንደማንችል የነገረን ሰው የለም። የነገሩን ትልልቅ ሰዎች ያሉት «ሌባ ካገኛችሁ ሳታስተምሩት እንዳትለቁት» ነው። ማስተማር ማለት ምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅንም፤ ሁላችንም ገብቶናል። ብርድ ላይ ስድስት ሰዓት ቆመህ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሌባ ያዝ ብሎ ሲጠብቅህ፣ ከጉሙ ውስጥ ከረጢት የተሸከመ ሰው ብቅ ሲል ሌባ ነው የሚመስልህ። እህታችን መጥታ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ባትል ኖሮ የት እንደምንደርስ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሮንድ አልወጣሁም። ልጁ የሚሠራበትን ቦታ ብትነግሩኝ የምጣዱን ዋጋ መክፈል እፈልጋለሁ።

የማታ ተረኛዋ ነርስ፦
ወንድሜ፣ ተባረክ። ሰኞ ገበያ በኩል ነው የሚውለው፤ አብረን እንሂድ። ጎኑ አልተሰበረም፤ ለሁለት ሳምንት ግን መሸከም አልቻለም፤ ለተሸካሚ ሁለት ሳምንት ምን እንደሆነ መገመት አያቅትህም።

የጉሊት ነጋዴዋ፦
እናንተ የምትከራከሩት መጥቶ ስለሚያልፈው ሰው ነው። እኔ እዚሁ ስለምኖረው ልናገር። የቤት ኪራዬን ከፍዬ፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙን አንሥቼ በቀን የሚተርፈኝ ለልጆቼ ራት ነው። 200 ብር የለኝም። ስለዚህ ሰው አሰልፊ ልባል ነው። ያለኝ ሰው የ14 ዓመት ልጄ ነው። ባለ ፎቁ 200 ብር ከፍሎ ይተኛል፤ እኔ የልጄን እንቅልፍ እከፍላለሁ፤ ልጄ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይተኛል። ሌባው ደግሞ ከእኔ ምን ይወስዳል? ቆጣሪ የለኝም፤ ውሃ የምገዛው በጀሪካን ነው።

አትጠብቁ አልልም። የሚጠበቅ ንብረት ያለው ግን ይበልጥ ያዋጣ።

የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ፦
እዚያው ሰፈር ነው ያደግሁት፤ አሁን ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ የምኖረው እዚህ ነው። የማታ ፈረቃ ሲለቀቅ አምስት ስድስት ሆነን ነው የምንሄደው፤ የመጨረሻዋ ቤቷ እስክትገባ አንለያይም። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለወንዶቹ በተለይ። እኔን መንገድ ላይ ያስቸገረኝ ሰው እስከ ዛሬ አንድም ቀን የማይታወቅ ሰው ሆኖ አያውቅም። ስሙን አውቀዋለሁ፣ እናቱን አውቃታለሁ። መታወቂያ ብትጠይቁት የሰፈሩ መታወቂያ ነው ያለው። እኔን የሚጠብቀኝ ደረጃው ላይ መብራትና ስጣራ የሚወጣ ሰው ነው።

ወጣት መሐንዲስ፦
ስለ መብራቱ፦ ከአስፋልቱ እስከ ላይኛው ደረጃ ስምንት ቦታ ላይ አምፖል ቢሰቀል ይበቃል። በየበሩ ላይ፣ ከየቤቱ መስመር። እኔ ገመዱን በነጻ እስባለሁ። መንግሥትን መጠየቁን ግን አልተውም፤ ማመልከቻውን ጽፌ እሑድ አመጣዋለሁ።

ባለ ሱቁ፦
ሁለቱ አምፖል ከነፍጆታው በእኔ ይሁን። መዋጮው እንደ አቅም ይሁን በሚለውም እስማማለሁ፤ እህታችን እውነቷን ነው፣ ሱቅ ያለው እኔ ነኝ። ያ ልጅ በሱቄ በር አልፎ ነው የሄደው፤ ስንት ጊዜ ዱቄት አሸክሜዋለሁ፤ ስሙን ግን ጠይቄው አላውቅም። ይህ ከንክኖኛል።

መታወቂያውን በሚመለከት ግን አሁንም አልተመለስኩም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በር የሚነካካ ሰው ሲገኝ «ማነህ?» የማይባልበት ሮንድ ለእኔ ሮንድ አይደለም።

ጠበቃዋ፦
በር የሚነካካውን «ማነህ?» ማለትና በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ማስቆም ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እሑድ ደንቡ ውስጥ ልዩነቱ በቃል ይጻፍ፦ በር፣ ቆጣሪ ወይም ጣሪያ ሲነካ ካልተገኘ በቀር ማንም አይቆምም፤ ማንም በማንም ላይ እጁን አያነሣም፤ እጁን ያነሣ ከሮንዱ ወጥቶ ለፖሊስ ይሰጣል፤ የተያዘ ሰው ካለ ወዲያው ይደወላል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይጠራሉ። እኔ ከወጣቶቹ ጋር አንድ ከሰዓት ተቀምጬ ሕጉን ላስረዳቸው ፈቃደኛ ነኝ።

ባለ ሱቁ፦
ጻፊውና አንብቤው ልወስን።

የጉሊት ነጋዴዋ፦
ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው? ተከራይ መግባት ይችላል?

የቅሬው ጸሐፊ፦
ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ እትዬ። እስካሁን ድምፅ ሲሰጥ የቆየው በመዝገብ የተጻፈ አባል ብቻ ነው፤ ተከራይ የተመዘገበበት ጊዜ የለም። ለቅሬው ዳኛ (ለሰብሳቢው) አቅርቤ ነገ ማታ መልሱን እነግርዎታለሁ።

የጉሊት ነጋዴዋ፦
ንገረኝ። እኔ ግን 8 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ፤ ልጄንም ይዤ እመጣለሁ።