የመጀመሪያ ልቦለዴን ጨረስኩ፤ ቀጥሎ አሳታሚ ነው ወይስ ማተሚያ ቤት?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የልቦለዴ ረቂቅ አልቋል፤ 61,000 ቃላት ገደማ ነው። ግማሹ በድሮው ፓወር ግዕዝ ኮምፒዩተር ላይ፣ ግማሹ ስልክ ላይ የተጻፈ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ወደ መሀል ከተማ መመላለሱ ቀኔን ይበላዋል፤ ስለዚህ ነገሩን ተራ በተራ ማወቅ እፈልጋለሁ። አሳታሚ ዘንድ ስሄድ ምን ይዤ ነው የምሄደው? በራሴ ወጪ ባሳትምስ ስንት ኮፒ ይሻላል? ለሰው እንዲያነበው ከሰጠሁት በኋላ ቢሰረቅብኝስ? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ፊደል ለቃሚው፦
እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ስለ አሳታሚው ሌሎች ይመልሱልሽ፤ እኔ ከዚያ በፊት ያለውን ልንገርሽ። አሁን በእጅሽ ያለው አንድ ፋይል ቢመስልም ሁለት ፋይል ነው።

ዩኒኮድ (ኮምፒዩተርም ስልክም አማርኛ ብሎ የሚያውቀው የፊደል ሥርዓት) ባልሆነው በድሮው ፎንት የተጻፈው ክፍል ለኮምፒዩተሩ አማርኛ አይደለም። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ላይ የግዕዝ ቅርጽ የለበሰ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ሙሉ ገጹ የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል። ለመለየት ቀላል ነው፤ ከየምዕራፉ አንድ አንቀጽ ቀድተሽ ቴሌግራም ላይ ለጥፊው። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው፤ ትርጉም የሌለው ምልክት ከመጣ አይደለም። ዩኒኮድ ያልሆነው ፎንት ስለተቀየረ ብቻ አይስተካከልም፤ በመለወጫ ፕሮግራም መቀየር አለበት። ከተቀየረ በኋላ እንደ ቋ፣ ጓ፣ ሏ፣ ኳ ያሉትን ዲቃላ ፊደላት፣ ቁጥሮቹንና የጥቅስ ምልክቶቹን በዓይንሽ ተከታተያቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ አራት ነጥብ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ይጽፋል። ስክሪን ላይ ከ«።» ጋር አይለይም። ገጹ ሲቀናበር ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ አንዱ መስመሩ መጨረሻ ላይ ቀርቶ ሌላው የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ወርድ ላይ መጀመሪያ «፡ ፡»ን (በመካከል ክፍተት ያለውን)፣ ከዚያ «፡፡»ን ፈልገሽ ሁሉንም በ«።» ተኪ። በመጨረሻ ከአራት ነጥብ በፊት የገባውን ክፍተት አጥፊ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የሚያደክመው ሞክሼ ፊደል ነው። አንዱ ገጸ ባሕርይ ምዕራፍ 1 ላይ «ኃይሉ»፣ ምዕራፍ 9 ላይ «ሀይሉ» ከሆነ ፍለጋው አንዱን ብቻ ነው የሚያመጣልሽ። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዢና የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ደጋግመሽ የምትጠቀሚባቸውን ቃላት ጻፊ፤ ሥራ ወይስ ስራ፣ ዓይን ወይስ አይን፣ ፀሐይ ወይስ ጸሀይ፣ ጽሑፍ ወይስ ፅሁፍ። የትኛውንም ምረጪ፣ ብቻ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ይሁን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መተካት ግን እንዳትሞክሪ! «ስራ»ን በ«ሥራ» ሁሉንም ተኪ ካልሽው «ስራብ» የሚለው «ሥራብ»፣ «ስራመድ» የሚለው «ሥራመድ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ የሚለው አማራጭም «በስራ»ን እና «የስራ»ን ይዘላቸዋል። አንድ በአንድ እያዩ መተካት ነው ያለው መፍትሔ።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ታሪኩ ላይ የሚቆረጠው ከተቆረጠ፣ የሚዛወረው ምዕራፍ ከተዛወረ በኋላ ነው። ነገ ለምትሰርዢው ምዕራፍ ዛሬ ፊደል መልቀም የጉልበት ብክነት ነው።

መብራት ባለበት፦
ጋሼ ፊደል ለቃሚው ካሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኮዬ አካባቢ መብራት ሳይታሰብ ይሄዳል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ የምትጠቀሚው ወርድ ላይ በራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ አውርጂው። በየሳምንቱ መጨረሻ ፋይሉን በቁጥርና በቀን ስም ሰጥተሽ («ረቂቅ 07 መጋቢት 12» እንደሚባለው) በኢሜይል ለራስሽ ላኪ። በአንድ ፋይል ላይ እየደረብሽ አታስቀምጪ፤ ዛሬ የሰረዝሽውን ትዕይንት ከወር በኋላ ትፈልጊዋለሽ። ፍላሽ ብቻውን መጠባበቂያ አይሆንም።

አርትኦት፦
አሳታሚና አታሚ እንዳይደባለቁብሽ። ማተሚያ ቤት፣ ብርሃንና ሰላምም ይሁን የግሉ፣ የምትሰጪውን ፋይል በምትከፍይው ዋጋ ያትማል፤ መጽሐፉ ጥሩ ይሁን አይሁን ጉዳዩ አይደለም። አሳታሚ ግን ረቂቁን አንብቦ፣ ወዶት፣ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ያከፋፍላል። በመካከል «አሳታሚ ነን» እያለ ሙሉ ወጪውን ካንቺ የሚቀበል አለ፤ ያ አገልግሎት ሰጪ ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ገንዘቡን አንቺ ካወጣሽ መብቱም የታተመውም መጽሐፍ ያንቺ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር።

ለአሳታሚ ሙሉውን 250 ገጽ ተሸክመሽ አትሂጂ። አስቀድመሽ ደውለሽ ልቦለድ እየተቀበሉ እንደሆነና በወረቀት ይሁን በኢሜይል የሚፈልጉት ጠይቂ፤ ከኮዬ አራት ኪሎ ድረስ ሄዶ «አሁን አንቀበልም» መባል ሊቀር የሚችል ድካም ነው። የምትልኪው፦ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ፣ የታሪኩን አጽመ ነገር የያዘ ሁለት ገጽ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች። ደብዳቤው ላይ ርዕሱን፣ የቃሉን ብዛት፣ ታሪኩ የትና መቼ እንደሚካሄድ፣ ለማን እንደተጻፈ በአራትና አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ከልጅነቴ ጀምሮ መጻፍ እወድ ነበር» የሚለውን ተዪው። በአጽመ ነገሩ ላይ መጨረሻውን አትደብቂ፤ አንባቢን ማጓጓት ሌላ፣ አሳታሚን ማሳመን ሌላ ነው። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ታሪኩ እንዴት እንደሚቋጭ ማወቅ ይፈልጋል። ሦስቱ ምዕራፎች የመጀመሪያዎቹ ይሁኑ እንጂ «የተሻሉት» እየተባለ ከመሀል አይመረጥ። ምዕራፍ 1 ደካማ ከሆነ መፍትሔው ማስተካከል ነው።

ስለ መሰረቅ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 ተሻሽሏል) ሥራሽን የሚጠብቀው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ መብቱን ለማግኘት ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ክርክር ቢመጣ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ በየሳምንቱ ለራስሽ የምትልኪው ኢሜይልም ቀን ያለው ማስረጃ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የጻፍሽውን ጽሑፍ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ስለዚህ «አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ እንዲህ ሆነች» የሚለውን ጭብጥ ሌላ ሰው ቢጽፈው መክሰስ አይቻልም።

ለአንባቢዎች ስትሰጪ በወርድ ሳይሆን በፒዲኤፍ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የተቀባዩን ስም አስገቢበት። ሾልኮ ቢወጣ ከማን እንደወጣ ይታወቃል፤ ተቀባዩም ይጠነቀቃል። ሦስት አንባቢ ይበቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ልቦለድ አዘውትሮ የሚያነብ፣ ላንቺ ሲል የማይዋሽ ሰው ይሁን። «እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ቆንጆ ነው» ይሉሻል። የት ገጽ ላይ አንብበው እንዳቆሙ፣ ማንን ከማን ጋር እንዳምታቱ፣ የቱን ንግግር ማን እንደተናገረው እንደጠፋባቸው ጠይቂ። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ካቆሙ ችግሩ እዚያ ወይም ከዚያ በፊት ባሉት አሥር ገጾች ውስጥ ነው።

አሳታሚው ከተቀበለሽ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ኮፒ፣ ለስንት ዓመት፣ ለሁለተኛው እትም እንደገና የምትዋዋሉ እንደሆነ፣ ሒሳብ በየስንት ወሩ እንደሚተሳሰብ ይጻፍበት። የትረካ መብት (ሬዲዮም ዩቲዩብም)፣ የፊልምና የትርጉም መብት ለየብቻ ይጠቀስ፤ «ማናቸውም መብት» የምትል አንዲት ሐረግ ሁሉንም ጠቅልላ ትወስዳለች። የድርሻሽ ፐርሰንት ከምን ላይ እንደሚታሰብም ተመልከቺ። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ሆኖ 10 በመቶ ከሽፋን ዋጋ ከሆነ 40 ብር ነው። አሳታሚው ለሻጭ 35 በመቶ ትቶ ከሚያገኘው 260 ብር ላይ ከሆነ ግን 26 ብር። ሁለቱም ውል ላይ «አሥር በመቶ» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ባለ ፎርሙ፦
በራስሽ ለማሳተም ከወሰንሽ የማተሚያ ቤቱን ቋንቋ እወቂ። መጽሐፍ የሚታተመው በፎርም (ብዙ ገጽ አንድ ላይ ታትሞበት በሚታጠፍ ትልቅ ወረቀት) ነው፤ ኤ5 (የኤ4 ግማሽ) መጠን ላለው መጽሐፍ አንድ ፎርም 16 ገጽ ብለሽ አስቢ። 61,000 ቃል በ11 ወይም 12 የፊደል መጠን ሲቀናበር በአንድ ገጽ 240 ቃል ገደማ ቢገባ 255 ገጽ አካባቢ ይወጣል፤ 16 ፎርም ማለት 256 ገጽ ነው። ሌይአውቱ 259 ላይ ካለቀ ለሦስት ገጽ ብለሽ ተጨማሪ ፎርም ልትከፍዪ ነው። ያኔ የመስመር ክፍተቱን ጥቂት ማጥበብ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ይዘው ሙሉ መስመር የሚወስዱትን የአንቀጽ መጨረሻዎች ማሳጠር ያድናል። የርዕስ ገጹን፣ የመብት ገጹን፣ ምስጋናውን ከገጹ ቁጥር ውስጥ አስገቢ፤ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር) ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ይወሰዳል፤ በ978 የሚጀምር 13 አኃዝ ነው። ሽፋኑ ከማለቁ በፊት በእጅሽ ይሁን፤ የጀርባ ሽፋኑ ላይ ነው የሚገባው። ከታተመ በኋላም በሕግ የሚጠየቀውን ቅጂ እዚያው ታስረክቢያለሽ።

ሽፋን ሠሪው የገጹ ብዛት ሳይቆረጥ ሥራውን አይጨርስ። 256 ገጽ 128 ቅጠል ነው፤ የ80 ግራም ወረቀት ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የመጽሐፉ ጎን 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ለ9 ሚሊ ሜትር የተሠራ ሽፋን 13 ላይ ሲለጠፍ ስዕሉ ከቦታው ይንሸራተታል፣ የጎኑ ጽሑፍም መሀሉን ይስታል። ለቆረጣ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው። ሽፋኑን በቴሌግራም ስትልኪ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪው፤ በፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይወርዳል። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ደግሞ ወረቀት ላይ ስለሚደበዝዝ በወረቀት የታተመ ናሙና ሳታዪ እሺ አትበዪ።

ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ውሰጂ፣ ግን ሦስቱንም አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ የገጽ ብዛት፣ የኮፒ ብዛት፣ የውስጥ ወረቀት ግራም፣ የሽፋን ግራም፣ ላሚኔሽን፣ በሙጫ ብቻ ወይስ ተሰፍቶ። አንዱ በ60 ግራም ሌላው በ80 ግራም ካሰላ ዋጋውን ማወዳደር አይቻልም። ፕሮፎርማው ላይ የሚጸናበት ቀን አለ፤ የወረቀት ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቀኑ ካለፈ እንደ አዲስ ነው። ፕሌት (ገጹ የሚታተምበት የብረት ሰሌዳ) ከወጣ በኋላ የምታገኚው ስሕተት ሁሉ ገንዘብ ነው። ጋሼ ያሉትን የፊደል ለቀማ ጨርሰሽ፣ የመጨረሻውን ፕሩፍ (የማረሚያ ቅጂ) በወረቀት አንብበሽ፣ ከዚያ ፈርሚ።

የኮዬዋ፦
ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ፤ ጋሼ፣ እርስዎንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቴሌግራሙን ሙከራ አሁን ሠራሁት፤ ከ22 ምዕራፍ 9ኙ ዩኒኮድ አይደለም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። 1,000 ኮፒ ባሳትም ቤቴ 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። የት ነው የሚቀመጠው?

ባለ ፎርሙ፦
ክብደቱን እናስላው። አንድ ኤ5 ቅጠል በ80 ግራም ወረቀት 2.5 ግራም ገደማ ነው፤ 128 ቅጠል 318 ግራም፣ ከሽፋኑ ጋር 335 ግራም ያህል። 1,000 ኮፒ 335 ኪሎ መሆኑ ነው። በ40 በ40 ከታሸገ 25 ካርቶን፣ እያንዳንዱ 13 ኪሎ ተኩል ገደማ። ባጃጅ አይችለውም፤ አንድ ፒክአፕ ይበቃዋል። አብዛኛውን ከማተሚያ ቤቱ በቀጥታ ለአከፋፋይ አስረክቢ፤ ቤት የሚገባው ከ5 ካርቶን አይብለጥ። ካርቶኑን ሲሚንቶ ወለል ላይና ግድግዳ አስጠግተሽ አታስቀምጪ፤ ክረምት ላይ ከሥር ያሉት እርጥበት ስበው ይወላገዳሉ። ከሥሩ ጣውላ አድርጊበት።

መጽሐፍ አዟሪ፦
ኮፒውን ከመወሰንሽ በፊት ዋጋውን አስሊ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። ጠቅላላ ወጪሽ 200,000 ብር፣ 1,000 ኮፒ፣ የሽፋን ዋጋ 400፣ የአከፋፋይ ድርሻ 35 በመቶ ከሆነ ከአንዱ 260 ብር ይደርስሻል፤ ወጪሽን ለመመለስ 770 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። «ሰው እንዲገዛው» ብለሽ 300 ካደረግሽው 195 ብር ብቻ ነው የሚደርስሽ፤ ሺውም ተሽጦ 195,000፣ ማለትም ኪሳራ። ለምረቃ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለዘመድ በነጻ የሚሄደውን 50 ኮፒም ቀንሺ። ይህ ሒሳብ ካስፈራሽ በዲጂታል ማተሚያ (ፕሌት በማያስፈልገው) 100 ኮፒ አሳትመሽ ጀምሪ፤ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ የምታስሪው ገንዘብ ግን ትንሽ ነው፣ የቀረ የፊደል ስሕተትም ካለ ለሚቀጥለው እትም ይታረማል።

በሽያጭ ታሳቢ (ሲሸጥ እንዲከፈልሽ) ለሱቅ ስታስረክቢ ሁለት ቅጂ ያለው ደረሰኝ ያዢ፤ ቀን፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ የአከፋፋይ ድርሻ፣ ሒሳብ የሚታሰብበት ቀን፣ የተረካቢው ስምና ፊርማ። ለአንድ ሱቅ መጀመሪያ ከ20 በላይ አትስጪ፤ ሲያልቅ ይደውሉልሻል። የሃያው ሒሳብ ሳይዘጋ ሁለተኛ ሃያ አይሂድ። ለእኛ ለአዟሪዎች ደግሞ በእጅ በእጅ ሽጪ፣ በዱቤ አይሁን። አዟሪ ዛሬ ሜክሲኮ ነው፣ ነገ ለገሃር፤ ሒሳብሽን ፍለጋ ከኮዬ ተነስተሽ ልታገኚው አትችዪም።