መብራት እንዳይጠፋ አስቀድሞ የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ ለእኛ ይሠራ ይሆን?

የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ሲገባ ነፋስና መብረቅ በመጣ ቁጥር መብራት ይሄዳል፤ አምና ደግሞ ሞተሩን ከሚመግቡት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ብቻ ጠፍቶ የወፍጮዬ ሞተር ስለተቃጠለ እንደገና ለማስጠቅለል ተገድጃለሁ። በቅርቡ የአሜሪካ መንግሥት ለኤሌክትሪክ አቅራቢዎች የማይመለስ ገንዘብ የሚሰጥበት አሠራር እንዳለው አነበብኩ፤ ገንዘቡም የተበጠሰ መስመር ለመጠገን ሳይሆን መስመሩ እንዳይበጠስ ለማድረግ ነው ይላል። አሠራሩን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ፤ በእኛስ ዘንድ ቢሞከር ገንዘቡ በእርግጥ ምሰሶው ድረስ ይደርሳል?

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፦
ያነበቡት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስለጸደቀው የአሜሪካ የመሠረተ ልማት ሕግ ሳይሆን አይቀርም። ከሕጉ አንዱ ክፍል ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 459 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለክፍለ ግዛቶችና ለነባር ሕዝቦች የሚያከፋፍል ሲሆን፣ ድርሻው የሚወሰነው በሕዝብ ብዛት፣ በቆዳ ስፋት፣ በአደጋው ድግግሞሽና ክብደት እንዲሁም ጉዳትን ለመቀነስ ቀደም ሲል በወጣው ወጪ ነው። ክፍለ ግዛቱ 15 በመቶ ከራሱ ይጨምራል፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ድርጅት ደግሞ የተሰጠውን ያህል ከኪሱ ማዋጣት አለበት፤ በዓመት ከ4 ሚሊዮን ሜጋዋት ሰዓት ያልበለጠ የሚሸጥ ከሆነ ግን ሲሶው ይበቃዋል። ምሰሶ ለመለወጥ፣ ሽቦ ከመሬት በታች ለመቅበርና በመስመር አጠገብ ያለ ዛፍ ለመቁረጥ ይፈቀዳል፤ አዲስ ማመንጫ ለመገንባት ግን አይፈቀድም። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክልከላ ነው፤ ግድብ ዓይን ይስባል፣ የበሰበሰ ምሰሶ ግን አስታዋሽ የለውም።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ፦
መሐንዲሱ ያሉት ትክክል ቢሆንም መዋጮው እኛ ጋር ሌላ ትርጉም አለው። የእኛ አቅራቢዎች የመንግሥት ናቸው፤ በ2006 ዓ.ም. ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱና ከፍተኛ መስመሩ ለአንዱ፣ ማከፋፈሉ ለሌላው ሲሰጥም ባለቤቱ አልተለወጠም። ስለዚህ «ከራስህ አዋጣ» ማለት ከአንዱ የመንግሥት ኪስ ወደ ሌላው ማዘዋወር፣ አለበለዚያም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር በተወሰነው ታሪፍ ላይ መደረብ ይሆናል። ከመዋጮ ይልቅ እያንዳንዱ ፊደር (ከማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ሰፈር የሚወጣው መስመር) በወር ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት እንደጠፋ በይፋ ተለጥፎ ቀጣዩ ገንዘብ በዚያ ቢወሰን ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፦
እስማማለሁ፤ ግን የሚመዘግበው ራሱ ገንዘቡን የሚቀበለው ሠራተኛ ከሆነ አኃዙ ቢያምርም አላምነውም። ቆጣሪው ራሱ የሚመዘግብ መሆን አለበት።

የወፍጮ ቤት ባለቤት፦
አመሰግናለሁ። ጥቂት ገንዘብ ብቻ ቢገኝ ከየት መጀመር ይገባል?

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ፦
ከባሕር ዛፉ። በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ የሚያዘነብለውን ቅርንጫፍ ከሰኔ በፊት ማስቆረጥ ከሁሉም ርካሽ ነው። ቀጥሎ የእንጨት ምሰሶው ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ መመርመር፣ ምክንያቱም መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሪክሎዘር፦ ቅርንጫፍ ለአፍታ ሽቦ ነክቶ ቢወድቅ ኃይሉን አቋርጦ በሰከንዶች ውስጥ ራሱ ይመልሳል፤ ሠራተኛ እስኪመጣ አይጠበቅም። እርስዎ ግን እስከዚያው ወፍጮው ላይ የፌዝ መጥፋት የሚቆጣጠር ሪሌይ ያስገጥሙ፤ አንዱ ፌዝ ሲሄድ ሞተሩን ወዲያው ያቆምልዎታል፣ ዋጋውም ሞተር ከማስጠቅለል በጣም ያንሳል።